የእትዬ አበበች ጃንጥላ

አጥንቴን እየቆረጠመኝ ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። "ቫይታሚን ዲ አንሶሻል" አለችኝ። እንዴት አያንሰኝ? ዊንጌት ሰፈር፣ ፀሐይ የማይገባበት ምድር ቤት ውስጥ ልብስ ስሰፋ ነው የምውለው። ኪኒን አዘዘችልኝና "ረፋድ ላይ ክንድሽን ገልጠሽ ፀሐይ ሙቂ" አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ግቢያችን ውስጥ እጅጌዬን ሰብስቤ ቁጭ ከማለቴ አከራዬ እትዬ አበበች ጃንጥላ ይዘው እየሮጡ መጡ።

"ልጄ፣ ምች ሊመታሽ ነው?" ብለው አናቴ ላይ ዘረጉት።

"እትዬ፣ ሐኪም ያዘዘችልኝ እኮ ነው!"

"ምችን ሐኪም የት ያውቀዋል!"

ወንበሬን ወደ ፀሐዩ ሳዞር ተከትለውኝ ዞሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። ውስጤ በገነ፤ ግን ክንዳቸው እየዛለ ለእኔ የቆሙትን ሴትዮ እንዴት ልቆጣ?

በሦስተኛው ቅዳሜ ዘዴው መጣልኝ። ብድግ አልኩና "እርስዎ ቆመው እኔ ቁጭ ማለቴ ነውር ነው። ያምጡት፣ እኔ ልያዝልዎ" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ጃንጥላውን ለእሳቸው ዘርግቼ እኔ ክንዴን ገልጬ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ። ምርቃቱን ሲያወርዱት ምቹን ረሱት።

ከወራት በኋላ የክሊኒኩን ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁት። ሐኪሟ ውጤቴን አይታ "ጎበዝ! ፀሐዩን እንዴት አድርገሽ ሞቅሽው?" አለችኝ።

"ጃንጥላ ይዤ!"