በቦረቦሩ ላይ የቆመው አጥር

ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ሲያሳዩኝ ሁለታችንም ባዶው ቦታቸው መሃል ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመን ነበር። ስክሪኑ አልታይ ስላለኝ በመዳፌ ከለል አድርጌ አየሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ነው።

«ይሄንን ነው የምፈልገው» አሉኝ። «ልክ ይሄንኑ። ከደሴ የሚመጣውም ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ከሩቅ እንዲያየው።»

ሐጂ የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። አባቴ በሕይወት እያለ የእሳቸውን ጭነት በመኪናው ያመላልስ ስለነበር ለቤታችን ዘመድ ያህል ነበሩ። እኔ ሸዋ ሮቢት ተወልጄ አድጌ፣ አርክቴክቸር ተምሬ፣ አዲስ አበባ ሰው ቢሮ ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቼ፣ ገና በራሴ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን ነው የደወሉልኝ። «የእኛው ልጅ እያለች ለባዳ አልሰጥም» ብለው። የመጀመሪያዬ ትልቅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ፎቶውን እያየሁ «አይሆንም» ማለት ከበደኝ።

ቦታው ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ የተቀመጠ ነው። ሮቢት ላይ ወደ ምዕራብ መስታወት ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔ የተማርኩበት ክፍል መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደብተራችን ማራገቢያ ይሆናል፤ የመምህሩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ይጣበቃል፤ የሚማርም የሚያስተምርም አልነበረም፤ ሁላችንም ደወሉን ነበር የምንጠብቀው።

ከመስታወቱ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ቦረቦሩ ነበር። ከተራራው ስር የሚነሣው ውሃ ከአስፋልቱ ድልድይ ስር ይወጣና የሐጂን መሬት ደቡባዊ ጠርዝ ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል፣ ሰው ያቋርጥበታል፣ ቆሻሻ ይጣልበታል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው የእግር መንገድ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እዚያ ያደግን ግን እናውቀዋለን። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ እየከረረች፣ ደብረ ሲና ላይ የዘነበው ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

ከቦረቦሩ ማዶ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት ይኖራሉ። እትዬ ነው የምንላቸው። ከፊት ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ከኋላ ደግሞ ለባጃጅ ሾፌሮች የሚያከራዩዋቸው የጭቃ ክፍሎች። ሐጂ ግቢውን ሊገዙ ጠይቀዋቸው እሳቸው አሻፈረኝ ካሉ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ አቋርጠዋል።

ንድፉን ስሠራ ሕንፃውን ከአስፋልቱ ገባ አደረግሁት። ምድር ቤቱን በምሰሶ ላይ አንስቼ፣ ከሜዳው በኩል የሚመጣው ነፋስ በሱቆቹ መሃል እንዲያልፍ ክፍት መተላለፊያ ተውኩለት። በምዕራብ በኩል ሰፊ በረንዳ፣ ከበረንዳው ፊት ደግሞ ቀዳዳ ባለው ብሎኬት የተሠራ የፀሐይ መከላከያ አደረግሁ። ግቢው ውስጥ ያለውን የቁርቁራ ዛፍ አልነካሁም። ቦረቦሩንም እንደነበረ ተውኩት፤ ግራና ቀኙን በድንጋይ ደግፌ ከላዩ መሸጋገሪያ ብቻ ጣልኩበት።

ሐጂ ፕላኑን መጋዘናቸው ውስጥ፣ የማሾ ጆንያ ላይ ዘርግተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«መስታወቱስ?»

«ከበረንዳው ኋላ አለ ሐጂ፤ ጥላው ውስጥ።»

«ጥላ ውስጥ የገባ መስታወት ማን ያየዋል?» አሉና ጣታቸውን ቦረቦሩ ላይ አሳረፉ። «ይሄስ?»

«የውሃው መሄጃ ነው።»

«በካርታዬ ውስጥ ያለ መሬት ነው። ደልድዬ ሱቅ ልሠራበት ያሰብኩትን ለጎርፍ ሰጠሽው?»

«መሬቱ የእርስዎ ነው። ነገር ግን ውሃው ሌላ መሄጃ የለውም። እኛ ከዘጋነው የሚገባው እትዬ ቤት ነው።»

ፊታቸው ወዲያው ተለዋወጠ። መነጽራቸውን አወለቁ። «እሷ ናት የላከችሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«እንደ ልጄ ነው የጠራሁሽ። ለጎረቤቴ ጠበቃ እንድትሆኚ አይደለም።»

ቢሆንም የሳልኩትን አልሰረዝኩም። ክርክሩ ቀናት ፈጀ፤ በስተመጨረሻ ሐጂ ስለ ነፋሱና ስለ በረንዳው እያጉረመረሙም ቢሆን ተስማሙ። «ሕንፃውን እንዳልሽው አድርጊ። የአጥሩን ነገር ግን ለእኔ ተዪው» አሉኝ። አጥሩም የሥራው አካል ነው ብዬ ልመልስ አፌን ስከፍት፣ የአሱር ሶላት ደርሶባቸው ተነሱ።

መሠረቱ ወጥቶ ምሰሶዎቹ መቆም ጀመሩ። ክረምቱ እየገባ ሳለ አንድ ቀን አዲስ አበባ ሆኜ ሳለሁ ሠራተኞቹን የሚመራው ፎርማን ደወለልኝ።

«ቦረቦሩ ላይ ብሎኬት እየተደረደረ ነው» አለኝ። «ሐጂ ራሳቸው ሌላ ሰው አምጥተው ነው የሚያሠሩት። እኔ አልገባበትም ብዬ ቆሜያለሁ።»

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ሲና ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው፤ ቁልቁል ስንወርድ ሰማዩ ተገለጠ፣ ሙቀቱም ተቀበለን። ሳይቱ ጋ ስደርስ አጥሩ ከቁመቴ በላይ ሆኖ አገኘሁት፤ ከድልድዩ ጥቂት ወረድ ብሎ ቦረቦሩን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ዞሬ ተመለከትኩት። ተቻኩለው ስለሠሩት በእኛ በኩል ካለው የኮንክሪት ምሰሶ ጋር በፌሮ እንኳ አላሰሩትም፤ እንዲሁ ነው ያስጠጉት።

እትዬ ከሱቃቸው እየሮጡ መጡ። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል።

«አንቺ ነሽ ያጠርሽብኝ? አባትሽ ስንት ጊዜ ከእኔ ቤት ሻይ የጠጣ ሰው፣ የእሱ ልጅ ትሁን የምታጠፋኝ?»

«እትዬ፣ በእኔ ፕላን ላይ የለም። አላወቅሁም ነበር።»

«ፕላኑን እኔ ምን አውቄ! እኔ የማየው ግንቡን ነው።»

ሰው ተሰበሰበ። ባጃጆች ቆሙ። ባዶ እጄን ዘርግቼ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ የምለው ሁሉ እንደ ሰበብ ይሰማል። ከዚያ በቀጥታ የከተማውን ግንባታ የሚቆጣጠረው ቢሮ ሄድኩ። አንድ ባለሙያ አዳመጠኝ፤ አጥሩ ከተፈቀደው ውጪ መሆኑን አመነ፤ መጥተን እናያለን አለኝ። ያን ቀንም በማግስቱም ማንም አልመጣም። እናቴ ቤት ሆኜ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ከተራራው አልነቀል አለ።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሐጂን ሳይቱ ላይ አገኘኋቸው። አጥሩ አጠገብ፣ ከፍ ባለው የቦረቦሩ ዳር ላይ ቆመው ሠራተኞቹን ያያሉ።

«ይህ አጥር ከቆመ እኔ ከሥራው እወጣለሁ» አልኳቸው።

«እኔን ልታስፈራሪኝ ነው?»

«አላስፈራራዎትም ሐጂ። የሠራሁት ቤት የሰው ቤት ሲያፈርስ ቆሜ ማየት አልችልም።»

«ስንት ዓመት ነው ይህ ቦረቦር ደረቅ ሆኖ የቆየው? ሲመጣም እኮ ቁርጭምጭሚት አይደርስም።»

«እባክዎን ወደ ተራራው ይመልከቱ።»

ዞሩ። እኛ ላይ ፀሐይ ነው፤ ላብ ከግንባራቸው ይወርዳል። በደብረ ሲና በኩል ግን ተራራው ጭራሽ አይታይም። ከሰማይ እስከ ምድር ጥቁር ነው።

ሊመልሱልኝ ሲሉ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ የከባድ መኪና መስሎኝ ወደ አስፋልቱ ዞርኩ። መኪና የለም። ፎርማኑ ከምሰሶው የእንጨት ካሳፎርማ ላይ ሆኖ «ከቦረቦሩ ውጡ! ውጡ!» እያለ ጮኸ። ሁለት ፍየሎች ሽቅብ ዘለሉ። ከድልድዩ ስር የመጀመሪያው ውሃ ብቅ አለ፤ ቀጭን ነው፤ ፕላስቲክ ጠርሙስና ገለባ እየገፋ አረፋ ለብሶ ይሳባል። ከኋላው የመጣው ግን ቡናማ ግድግዳ ነበር።

አጥሩን መታው። አጥሩ አልወደቀም። ምነው በወደቀልኝ! ውሃው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጥቂት ከፍ አለና እንደሚያስብ ሰው ቆም ብሎ ወደ ቀኝ ዞረ። የእትዬን የቆርቆሮ በር ገፍቶ ግቢው ውስጥ ገባ።

እትዬ ሱቃቸው በር ላይ ሆነው ጮኹ። «አራስ አለች! ልጄ ከኋላ ክፍል ናት! እመብርሃን ድረሺ!»

ልጃቸው ወልዳ እንደተኛች እኔ አላወቅሁም ነበር። የሐጂን ፊት ሳየው እሳቸውም እንዳላወቁ ገባኝ። ሠራተኞቹ ግማሾቹ በድልድዩ ላይ ዞረው ወደ እትዬ ግቢ ሮጡ። ፎርማኑ ድጅኖ ይዞ አጥሩ ጫፍ ደረሰ። ግን አልመታም፤ ሐጂን ነው የሚያየው። አጥሩ በእኛ በኩል ከፈረሰ ውሃው የሚያልፈው በእሳቸው ሳይት ነው፤ አሸዋው፣ ሲሚንቶው፣ ገና ያልደረቀው ምሰሶ ሁሉ መንገዱ ላይ ነው።

«ሐጂ!» አልኩ።

ሲሚንቷቸውን አዩ፤ ወደ እትዬ ግቢ ዞሩ። ከዚያ በአንድ ጊዜ «አፍርሱት!» ብለው ጮኹ። «አፍርሱት እንጂ! ምን ታዩኛላችሁ!»

«መሃሉን እንዳትነኩ!» አልኩ። «ከፊቱም ማንም እንዳይቆም። እዚህ፣ ከምሰሶው ጋር የተጠጋበት ጋ ነው፤ አልታሰረም። ከላይ ጀምራችሁ አላቅቁት!»

ፎርማኑ ድጅኖውን ክፍተቱ ውስጥ ሰክቶ ገፋ። አንድ ብሎኬት ወደቀ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ሐጂ ከአንዱ ሠራተኛ እጅ ሌላ ድጅኖ ነጥቀው ጎኑ ቆሙ፤ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉ ይወጉታል። እኔ ኮታቸውን ከኋላ በሁለት እጄ ይዤ፣ እግሬን ድንጋይ ላይ ደግፌ ወደ ኋላ እጎትታለሁ። ከማዶ የሴት ጩኸት ይሰማል፤ የማን እንደሆነ አይለይም።

ከዚያ አጥሩ ሲነቃነቅ እጄ ላይ ሳይቀር ተሰማኝ። ጫፉ ወደ ውጭ ዘመመ፤ ውሃው የቀረውን ራሱ ጨረሰው። ብሎኬቱ እንደ ካርቶን እየተገለባበጠ ሄደ። ሐጂ የቆሙበት አፈር አብሮ ተናደ፤ አንድ እግራቸው ወደ ታች ወረደ። ፎርማኑ ክንዳቸውን፣ እኔ ኮታቸውን ይዘን ወደ ላይ ጎተትናቸው። የኮቱ እጅጌ ተቀዶ እጄ ላይ ቀረ። ሦስታችንም ጭቃው ላይ ተቀመጥን፤ ውሃው በሳይታችን መሃል እየጋለበ የአሸዋውን ክምር ሲበላ፣ ካሳፎርማውን ሲገነጣጥል አየን።

በእትዬ ግቢ ውሃው ሲጎድል ይታይ ነበር። ሠራተኞቹ አራሷን ከነአልጋዋ በትከሻቸው ተሸክመው አስፋልቱ ላይ አወጧት። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች፤ አላለቀሰም፣ ዓይኑን ከፍቶ ነበር። እነሱ ከወጡ በኋላ የኋለኛው ክፍል የጭቃ ግድግዳ እያየነው ተንሸራቶ ወረደ።

ሐጂ ድልድዩን ተሻግረው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። እትዬ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩዋቸው።

«አጥሩን ማን ሠራው ሐጂ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቤቴንስ አሁን ማን ይሠራዋል?»

«እኔው ነኝ፣ ኢንሻአላህ።»

እትዬ ፊታቸውን አዞሩ። ሐጂ ይቅርታ አልጠየቁም፤ እትዬም ይቅር አላሏቸውም። ሐጂ በቀረው እጅጌያቸው ፊታቸውን ጠርገው ወደ መስጊድ አቀኑ።

የእትዬ ክፍሎች ከሕንፃው በፊት ተሠሩ። ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሐጂ ስላዘዙ ሳይሆን እትዬ ራሳቸው «ያፈረሰችው አሳምራ ትሥራው» ስላሉ ነው። እኔ እንዳላፈረስኩ አሁንም አላመኑም። መሠረቱን ከፍ አድርጌ በድንጋይ አስነሣሁት፤ መስኮቶቹን ትይዩ አድርጌ ነፋስ አሳለፍኩበት። በየቀኑ እየመጡ «መስታወት እንዳታደርጊብኝ» ይሉኝ ነበር።

ከሐጂ ጋር የነበረው ክርክር ግን አላለቀም። ስለ ቦረቦሩ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ «በቂ ስፋት ስጪው» ብቻ አሉኝ፤ ውሃ የሚያውቅ መሐንዲስ አምጥቼ ከመጀመሪያው ንድፌ ይበልጥ አሰፋነው። ስለ መስታወቱ ሲሆን ግን ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ፀሐይ እምብዛም የማያገኘውን የሰሜን ጎን፣ ደረጃው ያለበትን፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት አለበስኩት። ሰማያዊ። ከደሴ የሚመጣ ያየዋል። ሐጂ «ከአዲስ አበባ የሚመጣውስ?» ማለታቸውን አልተዉም።

ሕንፃው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ፣ ተራራው እንደጠቆረ ፎርማኑ ነግሮኝ ከእናቴ ቤት በባጃጅ ደረስኩ። ውሃው ቀድሞኝ መጥቶ ነበር። ሐጂ በወዲያኛው ዳር በረንዳቸው ላይ፣ እትዬ በወዲህኛው ዳር በራቸው ላይ ቆመዋል። እኔ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ውሃው በድንጋዩ ድጋፍ ላይ ከፍ እያለ፣ እያለ፣ ጠርዙን ሊነካ ጥቂት ቀረው። ግንድ ተሸክሞ መጥቶ የሕንፃውን ምሰሶ በሩቁ አልፎ ሄደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጎደለ።

እትዬ ወደ ሱቃቸው ገቡ፤ ሐጂም በረንዳውን ለቀው ገቡ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ወደ ዳሩ ወረድኩ። ከታች ሁለት ድንጋዮች ተነቅለዋል፤ ከኋላቸው ያለው አፈርም ተቦርቡሯል። ለፎርማኑ ደውዬ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሳይጎድል ድንጋዮቹን እንዳይነካ፣ ሲጎድል ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ቦታቸው እንዲመልሳቸው ነገርኩት።