የጋሽ ታዲዮስ ቦይለር አልጠፋ ያለበት ቅዳሜ

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ስለ ፉንዲ አድነው የሚወራው ይህ ነው፦ የሚስቱን መርዶ ሲያረዱት ዓይኑ እንኳ አልረጠበም፤ «ቆዩኝ» ብሎ ወደ ቦይለሩ ተመለሰ። አንዳንዶቹማ፣ አንዲት ኬንያዊት ሸሽጎ ነበር፣ መርዶው ግልግል ሆነለት ብለው ይጨምሩበታል። የኬንያዊቷ ነገር ውሸት ነው። አድነው ናይሮቢ ከገባ ወዲህ ከቧንቧ በቀር ያቀፈው የለም። ወደ ቦይለሩ መመለሱ ግን እውነት ነው።

አዲስ አበባ ሳለ የአንድ ትልቅ ሆቴል የሙቅ ውሃ ሠራተኛ ነበር። ደርግ የጸሎት ቤታቸውን ሲያሽግ እሱንም ሰባት ወር አሰረው፤ ሲፈታ በሞያሌ በኩል በእግሩ ወጣ። ሚስቱ ወርቂቱ እዚያው ቀረች። ናይሮቢ ውስጥ እጁ ላይ ሙያ ያለው ሁሉ ፉንዲ ይባላልና እሱም ፉንዲ አድነው ተባለ። ኢስትሊ ከአራት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ስድስት ዓመት አደረ።

በ1977 ሰኔ ላይ፣ ወርቂቱ ከነጋዴዎች ጋር ወደ እሱ መነሳቷን ሰማ። ከነሐሴ ጀምሮ የሚገቡበት ክፍል ተከራየ፣ የባልና ሚስት አልጋም ገዛ። አልጋው እስከዚያው ቦታ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። «ሙሽሪትንም እንዲህ አቁመህ ነው የምታስተኛት?» እያሉ አብረውት የሚያድሩት ይስቁበታል። እሱም ይስቃል።

ሐምሌ ላይ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ታዲዮስ ላኩበት። የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ አድነው አብሮ የሚጸልየው ማኅበርም መሪ። «ቦይለሩ አልጠፋ ብሎናል፣ ቶሎ ና» የሚል መልእክት ነው። በመጀመሪያው ማታቱ ታክሲ ደረሰ።

ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ በሩን ከፈቱለት። «ወንድም አድነው፣ መጀመሪያ ሻይ ቅመስ።»

«እትዬ፣ እሱ ከፈነዳ ሻዩን ጣራ ላይ ነው የምንጠጣው።»

አልሳቁም። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው ፍራሽ ተነጥፏል። ሰባት የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከሞያሌ የሚመላለሰው ነጋዴ ኑሬ ነው። ኑሬ እሱን ባየ ቁጥር «አንተ የገሃነም ተለማማጅ!» እያለ ነው ሰላም የሚለው። ዛሬ «እንደምን አደርክ ወንድሜ» ብሎ ጫማውን ተመለከተ።

«አሞሃል እንዴ?» አለው አድነው፤ መልስ ሳይጠብቅ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ።

ቦይለሩ ያጉረመርማል፤ ቧንቧው እንፋሎት ይተፋል። የሙቀት መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው። ጤነኛ ቢሆን ቀጭ ብሎ ያጠፋ ነበር፤ ቀጭ አላለም። መብራቱን ከግድግዳው አጠፋ፣ የፈላውን ውሃ አፈሰሰ፣ ክዳኑን ፈታ። የመቆጣጠሪያው ምላስ በሙቀት ተጣብቆ ይሆናል ብሎ ነበር፤ የተለመደው በሽታ እሱ ነው። ያገኘው ግን ሌላ ነው። ጣት የምታክል ቀይ ሽቦ ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ተሻግራለች። ኤሌክትሪኩ መቆጣጠሪያውን ዘሎ በእሷ በኩል ያልፋል። ሽቦዋ አዲስ ናት፣ መዳቧ ገና ያበራል።

«ጋሽ ታዲዮስ፣ ይህን ማነው የነካው?»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ጋሽ ታዲዮስ ወደ ሳሎን ዞረው አዩ። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ የኢስትሊው ክፍል ደግሞ ለአምስቱም አይበቃ። አድነው ሥራ ካልጠራው ሰው ቤት አይሄድም። ስለዚህ በሥራ ሊጠሩት አሰቡ፤ ግን ጋሽ ታዲዮስ ዋሽተው አያውቁም። ውሸት እንዳይሆንባቸው ቦይለሩን የእውነት አበላሹት።

አድነው ይህን ሁሉ የነገረው የለም። ሽቦዋን ፈትቶ መዳፉ ላይ አድርጎ አያት። ከዚያ ፍራሹን አሰበ፣ የኑሬን ሰላምታ አሰበ። ወደ ሳሎን ሲወጣ ሁሉም አንድ ላይ ተነሡ።

«ወርቂቱ ናት?»

ኑሬ ነው የመለሰለት። «ያቤሎ ላይ ወባ ያዛት። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመችው። በእጄ ነው የቀበርኳት፣ ወንድሜ።»

«አንተ እዚህ ከገባህ ስንት ቀንህ ነው?»

«አስራ አንድ።»

«ከሞምባሳ ወንድሞች እስኪመጡ ብለን ነው ሳንነግርህ የቆየነው» አሉ ጋሽ ታዲዮስ፣ ድምፃቸው እየሰለለ።

«ቆዩኝ» አለ አድነው።

ተመልሶ ክዳኑን ገጠመ፣ ውሃ ሞላ፣ መብራቱን አበራ። ፉንዲ የጠገነውን ቦይለር ራሱ ሲጠፋ ሳያይ አይሄድም፤ ቀዝቃዛው ውሃ እስኪሞቅ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በሩን ዘግቶ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የወርቂቱን ድምፅ ሊያስታውስ ሞከረ። ፊቷ መጣለት፣ አካሄዷ መጣለት፣ ድምፅዋ አልመጣ አለ። ስድስት ዓመት ይዞት ነበር፤ መቼ እንደጣለው አያውቅም። የተሰቀለውን ፎጣ አውርዶ አፉ ውስጥ ጎሰረ። ሳሎን ያሉት የሰሙት ውሃው ሲያጉረመርም ብቻ ነው፤ እትዬ ሙሉነሽ እንኳ የሐዘኑ ባለቤት ሳያለቅስ አላለቅስም ብለው ነጠላቸውን ነክሰው ቀሩ። ዓይኑ አልረጠበም ያሉት ሰዎች ያንን ፎጣ አላጠቡትም።

ቀጭ አለ። ቦይለሩ ጠፋ።

አድነው ወጣ፣ መፍቻውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ታዲዮስንና የማኅበሩን ሰዎች ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ጠየቃቸው።

«አስራ አንድ ቀን ሙሉ በመካከላችሁ እየተነሣሁ 'ወርቂቱን በሰላም አድርስልኝ' ብዬ ስጸልይ፣ አሜን ያላችሁት ለማን ነበር?»