የእድራችን ደም

የእህቴ የደም ዓይነት ኦ ነው። ያኔ በጂንካ፣ በእኛ ሰፈር፣ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሆስፒታሉ ደም የሚያቆይበት ማቀዝቀዣ ስላልነበረው፣ ሰው ሲደማ የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። ከአርባ ምንጭ እናስመጣ እንዳይባል፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ መኪና ያግታል፤ አውሮፕላኑም ሜዳው ከጨቀየ ከላይ ዞሮን ይመለሳል። ስለዚህ የእህቴ በር ይንኳኳል። የእሷ ደም ለማንም ይሆናል። እሷ ብትታመም ግን የሚሆናት የኦ ደም ብቻ ነው። የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ይህን ሲነግረን ስቃ፣ "እንግዲህ ሰጪ አድርጎ ፈጠረኝ" አለች።

የእኔ ደም ኤ ነው፤ አልፎ አልፎ ሰጥቻለሁ። ይበልጥ የምሰጠው ጊዜዬን ነበር። አስተማሪ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ሆስፒታል እሄድና ከገጠር ለሚመጡ በሽተኞች አስተረጉማለሁ። ከአሪ ልጆች ጋር ስላደግኩ ቋንቋቸው አፌ ላይ ነው። ማንም አልላከኝም። አባቴ፣ "ቤትሽ ሥራ ያጣሽ ይመስል" እያለ ይነጫነጭ ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ የእድራችን ዳኛ ሚስት ወልዳ ደሙ አልቆም አላትና እህቴ ሰጥታ አተረፈቻት። ዳኛው ከገበያው ዳር ሱቅ የነበራቸው፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ነበሩ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ ተናገርኩ። እድራችን የሚሰበሰበው ስንሞት ብቻ ለምንድን ነው፤ አባል ሲታመምም ደሙ የሚስማማ ይስጥ፣ አልኩ። ዳኛው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "የዚች ልጅ እህት ባትኖር ዛሬ ሚስት የለኝም። የመጀመሪያው ሰጪ እኔ ነኝ" አሉ። ሁሉም እጁን አወጣ።

እሑድ እሑድ ቀበሌ እየተጠራን፣ ለሰማነውም ላልሰማነውም ውሳኔ እጅ የምናወጣበት ዘመን ነበር። ዓይን ውስጥ የሚገባው እጁን ያላወጣ ሰው ነው። የእድራችን እጅ ግን ሌላ መሰለኝ። እድር የራሳችን ነው፤ አስገዳጅም ካድሬም የለበትም። ቤቴ ስገባ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ብዙዎቹ ሄደው ደማቸውን አስመረመሩ። ዳኛው ኦ ሆነው ተገኙ። በየመንገዱ ለሚያገኙት ሁሉ እህቴን እያነሱ፣ "ከዚች ልጅ ጋር ዘመድ ሆንን እኮ" ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላም ግን ሰው ሲደማ የሚንኳኳው ያው የእህቴ በር ነበር። አንዱ ጨጓራው ይነሳበታል፣ አንዱ ቀይ አፈር ከተማ ለገበያ ሄዷል፣ አንዱ ጾም ላይ ነው። እሷ አታማርርም። "የሰጡ ቀን ይሰጣሉ" ትለኝ ነበር።

ከዚያ አረገዘች። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ያለችው እኛ ዘንድ ነው። ሰባት ወሯ ላይ፣ አንድ የክረምት ቅዳሜ ጠዋት፣ ደም ፈሰሳት። በቃሬዛ አደረስናት። ሐኪሙ መርምሯት ወጣና ደም ሳይገኝ ቀዶ ጥገና መግባት እንደማይችል፣ ቀዶ ካልተደረገች ደግሞ እንደማትተርፍ ነገረኝ። ኦ መሆን አለበት፤ የእኔም የአባቴም ኤ ነው። ወደ ዳኛው ሱቅ በሩጫ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እህቴ ደም እየፈሰሳት ነው" አልኳቸው።

ከባንኮኒው ወጥተው ሁለት እጄን ያዙኝ። "እኔ እያለሁ ምን ያስሮጥሻል? ሂጂ፣ ከአጠገቧ አትራቂ። ሱቁን ዘግቼ ደረስኩ።"

ተመልሼ ለእህቴ ነገርኳት። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። "ጋሼ እየመጡ ነው" ስላት ራሷን ነቀነቀች። ለሐኪሙም ሰው ተገኝቷል አልኩት። እሷ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ቀረች። ሰው በገባ ቁጥር፣ "መጡ?" ትለኛለች። እኔም፣ "መንገድ ላይ ናቸው" እላለሁ። እየቆየ ሲሄድ መጠየቁን ተወችው፤ ዓይኗንም ከበሩ አነሣች። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ድጋሚ ሮጥኩ። ሱቁ እውነትም ተዘግቷል። ቤታቸው ሄድኩ፤ ሚስታቸው በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ወጥቷል" አለችኝ። የት ብላት ዓይኔን አላየችኝም። እህቴ ያተረፈቻት ሴት ናት። ደማቸው ኦ የሆነ ሌሎች ሁለት አባላት ዘንድም ደረስኩ፤ እነሱም ከቤት የሉም። ስመለስ እያለቀስኩ ነበር፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሙን በሬ የወጋበት ከብት አርቢ የሆነ አንድ የበና ሰው ቁጭ ብሏል። ስመላለስ ሲያየኝ ውሏል።

"ምን ጠፋ?" አለኝ በተሰባበረ አማርኛ።

"ደም።"

"ደም እኔ ጋ አለ" ብሎ ክንዱን ዘረጋልኝ። ይፈራ እንደሆነ ብዬ ስለ መርፌው ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ። "እኛ አገር የከብት አንገት ይወጋል፣ ደም ይወጣል፣ ከብት ተነሥቶ ሣር ይበላል። እኔ ከከብት ያንሳል?"

ሲመረመር ኦ ሆነ። ጠርሙሱ ሲሞላ ድሬሰሩ ሻይ በስኳር ሰጠው፤ ጠጥቶ ድገመኝ አለ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው እህቴን ተከትዬ ሮጥኩ። በዚያ በአንድ ጠርሙስ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ገባ። ሕፃኑ አልተረፈም። እህቴ ተረፈች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልብስና አጥሚት ላመጣላት ወደ ቤት ሄድኩ። ከሩቅ ግቢያችን በሰው ተሞልቶ አየሁ። ስጠጋ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ብረት ድስቱ ተጥዷል፣ አባቴ መሐል ላይ ጋቢውን ተከናንቦ አንገቱን ደፍቷል። ዳኛው እጅጌውን ጠቅልሎ ካስማ ይመታል። እስካሁን አንቱ ስለው መጣሁ፤ ከዚህ በኋላ አንደበቴ እሺ አይለኝም። የጠፉብኝ ሁለቱም ሰዎች ገመድ ይዘውለት ቆመዋል።

ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ዋይታ ጀመሩ።

"አልሞተችም" አልኩ።

ለቅሶው መሐል ላይ ቆመ። አባቴ ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ዳኛው መዶሻውን እንደያዘ፣ "ተመስገን፣ ተመስገን" አለ። ከዚያ፣ "አትተርፍም ተብሎ ሲወራ፣ ዝናብ ሳይቀድመን ብለን ነው" አለኝ።

"ይመጣሉ ብላ በሩን ስታይ ዋለች" አልኩት።

"ልጄ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እኔ ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም።"

ይህን ሲለኝ አላፈረም። እውነቱንም ነው። እድሜውን ሙሉ የማንንም ቀብር ሳይቀር የኖረ ሰው ነው፤ በዚያም ይከበራል። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ተከድቼ አላውቅም። ድንኳኑን ሲያፈርሱ ቆሜ አየሁ፤ አጣጥፈው በጋሪ ጭነው ወሰዱት። ማንም ወደ ሆስፒታል አልሄደም።

እህቴ ለመራመድ ስትበቃ ደግፌ አመጣኋት። ግቢ እንደገባን ቆመች። ካስማው የተነቀለባቸው ጉድጓዶች ዙሪያውን ዝናብ አቁረዋል። አባቴ እንዲደፍናቸው ብነግረውም ረስቶታል። እያንዳንዳቸውን በዓይኗ ተከትላ ዞረች፤ ምን እንደነበረ ለማወቅ የማንንም ማብራሪያ አልፈለገችም።

"ማን ማን መጣ?" አለችኝ።

"ሁሉም" አልኳት።