ከቀሐ ማዶ ማስቀደስ

ባለቤቴ ጎንደር ላይ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከበላያቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሹሙና ምክትሉ። በሕይወት ሳሉ ሁለቱንም ከአንቱ በታች ጠርቻቸው አላውቅም፤ ዛሬ ግን ምላሴ እምቢ ይለኛል። ምክትሉ የሹሙን ወንበር ይፈልጋል፤ ሹሙ ወንበሩን እንደያዘ መሞት ይፈልጋል። ጠባቸው ይኸው ነው፤ ሌላ የረቀቀ ነገር አልነበረውም።

እሑድ እሑድ ሹሙ በአንድ ደብር፣ ምክትሉ በሌላ ደብር ያስቀድሳሉ። ቅዳሴው ሲያልቅ የመሥሪያ ቤቱ ሰው የየጌታውን ኋላ ተከትሎ እስከ ደጁ ይሸኛል። ማን ማንን እንደሸኘ ሰኞ ጧት ቢሮ ሳይከፈት ይታወቃል። የሹሙን አጃቢ ምክትሉ መግቢያ መውጫ ያሳጣዋል፤ የምክትሉን አጃቢ ሹሙ በሰው ፊት ያዋርደዋል።

«ምነው፣ አንዱን ይዘው ቢያርፉ? እኛስ ልጆች የሉንም?» አልኳቸው ባለቤቴን።

«ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለቅዳሴ እንጂ ለአጀብ አይደለም» አሉና ከቀሐ ወንዝ ማዶ ባለች ትንሽ ደብር ማስቀደስ ጀመሩ። ብልሃት ያገኙ መስሏቸው ነበር። እኔም ሞኟ መስሎኝ ነበር።

ለካ እዚያ ደብር፣ ድሮ ከተማውን ያስተዳድሩ የነበሩ፣ ተሽረው ቤታቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ያስቀድሳሉ። አንድ እሑድ ዝናብ ጥሎ የወንዙ ድንጋይ ሲያዳልጥ ሽማግሌው መሻገር ፈሩ። ባለቤቴ ክንዳቸውን ይዘው አሻገሯቸው፤ ቤታቸውም አደረሷቸው። ማን ይህን አያደርግም? ከተማው ግን «የተሻረው ሰውዬ ወንበሩን ሊያስመልስ እየዶለተ ነው፤ ጸሐፊው መልእክተኛው ነው» ብሎ አወራ። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁት ሁለቱ ሰዎች ባለቤቴን ለማጥፋት ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ሹመት ነው» ብለው ወደ አዲ አርቃይ አዛወሯቸው።

ቆላው አልተስማማቸውም፤ ወባ ጣላቸው። እንዲመልሷቸው ልለምን ሹሙ ዘንድ ሄድኩ።

«ምክትሌን ጠይቂ» አለኝ።

ምክትሉ ዘንድ ሄድኩ።

«ያለ ሹሙ ፈቃድ እኔ ምን አቅም አለኝ?» አለኝ።

ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ስንከራተት፣ ዘበኞቹ «ይችው ደግሞ መጣች» እያሉ ሲሳሳቁብኝ፣ ክረምቱ ወጣ። በመጨረሻ አንድ የጭነት ማኪና ሾፌር አዝኖላቸው ሊማሊሞን ይዟቸው ወጣ። ደባርቅ ሳይደርሱ አረፉ። ሄጄ የተቀበልኩት ሬሳቸውን ነው።

ለቅሶው ላይ ሁለቱም መጡ። ለካ በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ገብቶ አስታርቋቸው፣ የምክትሉ ልጅ ለሹሙ ልጅ ታጭታ ኖሯል። ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው ከእንግዲህ ከየት ይገኛል?» አለ ሹሙ። ምክትሉ ራሱን ነቀነቀ።

ደሜ ፈላ። ሬሳውን ይዤ ከደባርቅ ስመጣ መንገዱን ሙሉ የምላቸውን ሳሰናዳ ነበር። ገዳዮች ልላቸው ነበር፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እየሰማ። ገና አፌን ስከፍት ሹሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ትልቁን ልጅሽን ሰኞ ላኪው። በአባቱ መሥሪያ ቤት አንድ ቦታ እንፈልግለታለን።»

ቀና ብዬ ልጆቼን አየሁ። ጥግ ይዘው ተኮራምተዋል፤ ትንሿ የወንድሟ ጉልበት ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

ተነሥቼ እጃቸውን ሳምኩ። የሁለቱንም።