ደጋ የለመደ ሞተር

ያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ከወንዙ ዳር የነበሩትን በየስማቸው ልጥራ። አባቴ አያ ሙላቴ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ። እናቴ ይታይሽ፣ የመንገድ ዳቦዬን በነጠላዋ ይዛ። እኅቴ ትርፌ ከነቤንዚን ጀሪካኗ። ጎረቤታችን መሪጌታ ኅሩይ፣ ከማኅሌት ሲመለሱ እዚያው የቆሙ። ከዚያ እኔ። ከአምባ ጊዮርጊስ የሚነሳው የጎንደር አውቶቡስ ሳያመልጠኝ የውሃ ሞተራችንን ላስተካክል ነበር የወረድነው።

ነጭ ሽንኩርታችን በጋውን የሚያልፈው በዚያች ሞተር ነው። ጉልበቷ ከወረደ ውሃው የላይኛው መደብ ላይ አይደርስም። እኔ ሞተር ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምሁ፣ እያዳመጥሁ ነው የለመድሁት። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ስጠግን ቆይቼ፣ ቤንዚን ሲጠፋ የሚጠገን ሞተርም ጠፋ። ጅቡቲ ግን ጠጋኝ ይፈለጋል አሉኝ።

በካቻቢቴዬ የካርቡሬተሩን ብሎን ጥቂት አጠበቅሁ። እኛ አገር ሞተር ሁሉ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚገባው ቤንዚን ይቀንስና ጭሱ ይጠራል። ሞተሯ ተረጋጋች፣ ውሃውም ወጣ። መሪጌታ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ "ቅድም ዜማ የጠፋበት ተማሪ ትመስል ነበር፤ አሁን ግዕዝ ላይ ቆመች" አሉ። "እንዲህ ወፍራምና ቀጥ ያለ። ወደ አራራይ ከቀጠነች ጠርጥሩ።"

"ሸጋ ነው" አለ አባቴ። "ከተበላሸችስ?"

"ደውሉልኝ። ድምጿን ሰምቼ እነግራችኋለሁ።"

ድንበር ላይ ፈታሹ ከቦርሳዬ ካቻቢቴውን አወጣ።

"ይኼ ለምንህ ነው?"

"የላላ አጠብቅበታለሁ።"

"እዚህ ያልላላ ነገር የለም። እለፍ።"

ጅቡቲ ስደርስ በመጀመሪያ የገረመኝ ቧንቧው ነው፤ እጄን ልታጠብ ብከፍተው ለሻይ የደረሰ ውሃ ወረደልኝ። ዳቦው እንደ አርጩሜ የረዘመ ነው። ሰላምታው ግን አጭር ነው፤ "ሳ ቫ?" ይሉሃል፣ ደህና ነኝ ሳትል አልፈውህ ሄደዋል። እኛ አገር ከብቱን፣ እህሉን፣ የታመመውን ሳይጠይቁ ማን ያልፋል?

የቀጠረኝ ዑመር ይባላል፤ ሙሴ ዑመር ይሉታል፣ አቶ እንደ ማለት ነው። አማርኛውን የለመደው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ስድቡ ከሰላምታው ይቀናዋል። የምተኛባትንም ክፍል ከጥገና ሱቁ ጣሪያ ላይ ያከራየኝ እሱ ነው።

"መስኮት የላትም እኮ" አልሁት።

"መስኮት ካለ ሙቀት ይገባል።"

"በሩስ?"

"በሩን ዝጋዋ! ይኼም ትምህርት ሆነ?"

መጀመሪያ የሰጠኝ ሥራ አስፒራተር ነበር፤ በኤሌክትሪክ አቧራ እየሳበ ምንጣፍ የሚያጸዳ ዕቃ ነው። ባለቤቲቱ፣ "ይጮኻል፣ አይስብም" ብላ ጥላው ሄዳለች። ድምፁ ቀጥኗል፣ አራራይ ነው። ሞተሩ እንዲህ እየፈጠነ ለምን አይስብም? ሱቁ ውስጥ የነበረ ሌላ ደህና አስፒራተር አስነስቼ የቱቦውን አፍ በመዳፌ ዘጋሁት። ድምፁ ወዲያው ቀጠነ! ለካ ሸክሙ አየሩ ነው፤ አየር ካላገኘ ሸክም እንዳራገፈ አህያ ይሮጣል። ከታመመው ቱቦ ውስጥ የሕፃን ካልሲ ጎትቼ አወጣሁ። ያን ቀን ሌላ ሥራ ባይኖር፣ ቱቦ ስዘጋና ስከፍት በዋልሁ።

ቀጥሎ አንድ ምግብ ቤት ያረጀ ጄኔሬተር ላከ። ገና ሳላዳምጠው እጄ ብሎኑን አጠበቀው፤ ደጋ ላይ እንደዚያ ነበራ የምንጀምረው። ሞተሩ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ።

"ሙሴ ደገኛ!" አለ ዑመር ሆዱን ይዞ። "ሞተሩን እስክስታ አስወረድኸው!"

ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ አጠራሁ። ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ሽቦ ለወጥሁ። አየር የሚሾልክበት ስንጥቅ ፈለግሁ። እስክስታው ቀጠለ። ደክሞኝ የውሃ ጀሪካን ተሸክሜ ወደ ክፍሌ ስወጣ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ታዘብሁ፤ አላለከለክሁም። አገሬ ተወልጄ ያደግሁባት ዳገት እንኳ ታስለከልከኛለች። እዚህ ባሕሩ ዳር አየሩ ወፍራም ነው። አየር ከበዛ ሞተሩ ቤንዚንም እንዲበዛለት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ቀንሼበታለሁ። ሮጬ ወርጄ ብሎኑን አላላሁት። ድምፁ ወፍሮ ተረጋጋ።

"ሳ ቫ?" አለ ዑመር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሴን ቆሞ ጠበቀ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ የዚህን አገር ሞተር ለምዷል። መልመዱን ያወቅሁት ግን በዚህ ሳምንት አባቴ ሲደውል ነው። ቆሻሻ ቤንዚን ገብቶ ትርፌ ካርቡሬተሩን ፈትታ አጥባለች፤ ብሎኑ ከቦታው ወጥቷል። ስታላላው ጥቁር ጭስ፣ ስታጠብቀው እስክስታ። መካከሉን ማግኘት አለብን። ስልኩን ሞተሯ አጠገብ ይዘው አሰሙኝ።

"ጥቂት አጥብቂ" አልሁ። የቀጠነች መሰለኝ። "ተይ፣ መልሺ።" ወፈረች፤ ለጆሮዬ ደግ ሆነች።

"ጭሱ እኮ ጠቆረ!" አለች ትርፌ። "ውሃውም ከመካከለኛው መደብ አልዘለቀም።"

ደግ የመሰለኝ የጅቡቲ ድምፅ ነበር። የእኛን ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ የመጣልኝ የምግብ ቤቱ ጄኔሬተር ነው።

"ታዲያ ትርፌ ምን ታድርግ?" አለ አባቴ። "ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል፤ ቶሎ በል እንጂ!" ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በትርፌ ስልክ ልኬላችኋለሁ፤ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። ያን ዕለት እዚያ ነበራችሁ፤ የጎደለኝን ሙሉልኝ። እማ፣ ውሃው የላይኛው መደብ ላይ ሲደርስ ይዘል ነበር ወይስ ይንሸራተት? አባ፣ ጭሱ ከነጭራሹ አይታይም ነበር? ትርፌ፣ ስነሳ የብሎኑ ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ ያቀናው ወደ ወንዙ ነበር ወይስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ? መሪጌታ፣ እርስዎን ደግሞ አደራ እላለሁ፤ ሞተሯ ያን ጠዋት የቆመችበትን ግዕዝ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ፣ እስኪ በስልኩ ያዚሙልኝ።