ከቁርባን በፊት የተሳበ መድኃኒት

እናቴ ልትቆርብ ጾማ ወደ ቁስቋም ማርያም ስንወጣ ዳገቱ ላይ አስሟ ተነሳባት። ደረቷ እያፏጨ የሚሳበውን መድኃኒት ሳወጣላት ከንፈሯን ገጠመች።

«ጾሜን... ያስ... ፈታኛል።»

«እማዬ፣ ይሄ ምግብ አይደለም! የአየር ቧንቧሽን አንቆ የያዘውን ጡንቻ ነው የሚያላላው!» ጮህኩባት።

በጭንቅላቷ እምቢ አለች። ከንፈሯ ሲጠቁር ትዕግሥቴ አለቀ። አየር ለመሳብ አፏን ስትከፍት መድኃኒቱን ደቅኜ ተጫንኩት፤ ደገምኩት። አጥር አስደግፌያት ጠበቅን። መድኃኒቱ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ፉጨቱም ቀስ በቀስ ረገበ።

«አንቺ ባለጌ፣ ስንት ጊዜ የተዘጋጀሁበትን ቁርባን ደጁ ላይ ስደርስ አስቀረሽብኝ፣ አሁን የንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው ነው?» አለችኝ፣ መሀል ላይ ለትንፋሽ አንዴም ሳታርፍ።

«ቀጥዪ» አልኳት።