ከኋላ ወንበር እስከ አክስቴ ቤት

ሐሙስ፣ ከቤት ስወጣ

በካናዳ የአንድ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት አባል ነኝ። ወንበሬ ከኋላ ነው፤ ሚኒስትር ሆኜ አላውቅም፤ ፓርቲዬ ተነስ ሲለኝ እነሳለሁ፣ ተቀመጥ ሲለኝ እቀመጣለሁ። እስራኤል አገር፣ ሬሆቮት ከተማ የምትኖረው አክስቴ ብርቄ ግን መግቢያ ፈቃድ ተከልክላ ጎንደር የቀረችውን ልጇን ይታይሽን የማስመጣላት እኔ እንደሆንኩ አምናለች። እንደማልችል በስልክ ብነግራት «የመንግሥት ሰው ከመንግሥት ሰው ጋር አይግባባም?» ብላ ሳቀች። ፊት ለፊት ልነግራት በበረዶ መሃል ጉዞ ጀመርኩ።

ዓርብ፣ ሬሆቮት

ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር መጣሁ። የተቀበለኝ የአክስቴ ታላቅ ልጅ ሞላ ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሻዓራይም በሚባለው ሰፈራቸው ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች መሃል መኪናውን አከነፈው። በየግቢው ብርቱካን ተንዠርግጓል፤ ከበረዶ ለመጣ ሰው ጉድ ነው።

«እናቴን አደራ፣ ቀስ ብለህ ንገራት» አለኝ። «የካናዳ ክኔሴት መጣልኝ ብላ ሰፈሩን ጠርታለች።» ክኔሴት የሚሉት የአገሩን ምክር ቤት ነው። «ያላ፣ እንሂድ፤ ሰንበት ሳይገባ እንድረስ።»

ቅዳሜ፣ ከጸሎት በኋላ

አክስቴ ቤት የተጠሩት የሰፈሩ ሽማግሌዎች መሃላቸው አስቀመጡኝ። የሰንበቱ ዳቦ ተባርኮ ሲቆረስ አክስቴ ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጠችኝ። 

«አክስቴ፣ ይታይሽን ማምጣት አልችልም» አልኳት። «የእኛ ምክር ቤት የሚነጋገረው ስለዚያው ክፍለ ሀገር መንገድና ትምህርት ቤት ነው። እዚያም ቢሆን እኔን የሚሰማ የለም።»

 አንድ ሽማግሌ «እስከ ዛሬ የመጣው ባለሥልጣን ሁሉ እችላለሁ ነበር የሚለን» አሉ።

አክስቴ ሻሿን አስተካከለች። «መናገርስ ይፈቅዱልሃል?»

«አልፎ አልፎ፣ ተራ ሲደርሰኝ፤ እሱም ለአፍታ።»

«ቤሰደር፣ እሺ። እንግዲያው ስሟን ጥራልኝ፤ እዚህ የኢሚግሬሽን ቢሮ በሄድኩ ቁጥር የሚጠሩት የፋይሏን ቁጥር ነው።»



ካናዳ ከተመለስኩ በኋላ

ተራዬ ሲደርስ ፓርቲው ስለ አዲስ ድልድይ የምናገረውን ጽፎ ሰጠኝ። ድልድዩን ተውኩት። «ይታይሽ ትባላለች፤ እናቷ እየጠበቀቻት ነው» ብዬ ጀመርኩ።  ግማሹ ወንበር ባዶ ነው፤ ያሉትም ወረቀት ያገላብጣሉ። የፓርቲያችን ተጠሪ ግን ዞሮ ገላመጠኝ፤ ስንወጣም እስከ ምርጫው ድረስ ተራ እንደማላገኝ ነገረኝ።

እስከዚያ ጉዞ ድረስ «አልችልም» ካልኩ ነገሩ ያበቃ ይመስለኝ ነበር። እንደማያበቃ ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። በማግስቱ ደወልኩላት።

«ጠራኋት፣ አክስቴ።»

«ሰሙ?»

«ጥቂቶቹ።»

 «ሌላው ተራህ መቼ ነው?» አለችኝ።